አልጋ ላይ የሚውሉ አዛውንትን ቤት ውስጥ ማስታመም፦ ከማገላበጥ እስከ ማስነሳት

አዛውንት ሲታመሙ ቤተሰብ ቀድሞ የሚለው «ይረፉ፣ አይነሱ» ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶች ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደርጎ፣ በአማካይ አንድ ኪሎ የሚጠጋ የእግር ሥጋ አጥተዋል። እነዚህ ጤነኞች ነበሩ፤ ሕመም፣ ትኩሳትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሲጨመርበት መድከሙ ይፈጥናል። ከጡንቻው ጋር የሰውነት ሚዛን ይጠፋል፣ ሳንባ ሥር አክታ ይከማቻል፣ ሆድ ይደርቃል፣ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ቆዳ ይቆስላል። ስለዚህ ማስታመም ሲባል ዋናው ሥራ ከአልጋ የሚነሱበትን ሰዓት በየቀኑ ማስረዘም፣ በሚተኙበት ሰዓት ደግሞ አልጋው እንዳይጎዳቸው መጠበቅ ነው። የሚከተለው አሠራር ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የወትሮ ሁኔታቸውን መዝግቡ

አንድ ደብተር አልጋው አጠገብ ይኑር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አዛውንቱ ደህና በሚባሉበት ጊዜ ምን እንደሚመስሉ ጻፉ። ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የትንፋሽ ብዛት ለኩ። ትንፋሽ የሚቆጠረው ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው፤ የአዛውንት አተነፋፈስ ወጥ ላይሆን ስለሚችል 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። እየቆጠራችሁ እንደሆነም አትንገሯቸው፤ ሰው ትንፋሹ ሲቆጠር ካወቀ ሳያስበው ይቀይረዋል። የእጃቸውን ምት እንደምትቆጥሩ ሆናችሁ ዓይናችሁን ደረታቸው ላይ አድርጉ።

ይህ ሁሉ የሚደረግበት ምክንያት የአዛውንት ሰውነት ኢንፌክሽን ሲይዘው በወጉ ላያተኩስ ስለሚችል ነው። የወትሮ ሙቀታቸው 36 የሆነ ሰው 37.2 ሲደርሱ ቴርሞሜትሩ «ደህና ናቸው» ይላል፤ ለእሳቸው ግን ያ ትኩሳት ነው። ከወትሮው ከ1.1 ዲግሪ በላይ መጨመር፣ ወይም 37.8ን ማለፍ ሐኪም የሚያስጠራ ነው። ትንፋሽ በደቂቃ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነም እንዲሁ፤ የሳንባ ምች ሳልና ትኩሳት ሳያሳይ መጀመሪያ በትንፋሽ ፍጥነት ብቻ ሊታወቅ ይችላል።

ክብደትን በየሳምንቱ አንድ ቀን መዝኑ። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ መቀነስ፣ ማለትም 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው 3 ኪሎ፣ በአጋጣሚ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሚዛን ላይ መቆም ካልቻሉ የባታቸውን ዙሪያ በጣም በሚወፍርበት ቦታ በሜትር ለኩ፤ ከ31 ሳንቲሜትር በታች ከሆነ ጡንቻቸው አልቋል ብላችሁ ጠርጥሩ። እግር ካበጠ ግን ሜትሩ ይዋሻል፤ ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው የሚለካው።

ማገላበጥና የቆዳ ጥበቃ

የአልጋ ቁስል ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ጭረት ብቻ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። የሰውነት ክብደት ሥጋን በአጥንትና በፍራሽ መካከል ሲጨፈልቀው ደም ስሮቹ ይዘጋሉ፤ ሥጋውም መሞት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ አጥንቱ አጠገብ፣ ከውስጥ ነው። ቆዳው ሲከፈት ውስጡ ከሚታየው በላይ ሰፍቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት መንሸራተት ነው፦ የአልጋው ራስጌ ቀና ሲል ሰውነት ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ በመካከል ያሉት ደም ስሮች ይሳባሉ። እርጥበትና የምግብ እጥረት ሲጨመሩ ደግሞ ቁስሉ ሰዓታት ሊበቁት ይችላሉ።

ጠዋትና ማታ፣ እንዲሁም ባገላበጣችሁ ቁጥር፣ እነዚህን ቦታዎች አንድ በአንድ ተመልከቱ። በጀርባ ለተኛ ሰው፦ ማጅራት ላይ ያለው የራስ ቅል፣ የትከሻ አጥንት፣ ክርን፣ ከወገብ በታች መቀመጫ ላይ ያለው አጥንት፣ ተረከዝ። በጎን ለተኛ፦ ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌ፣ የጉልበት ጎንና ጎን፣ ቁርጭምጭሚት። ለተቀመጠ፦ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች። የኦክስጅን ቱቦ የሚያልፍበት የጆሮ ጀርባና የካቴተር (የሽንት ማውጫ) ቱቦ የሚነካው ታፋም ይረሳል።

ቀላ ያለ ቦታ ስታዩ በጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ልቀቁ። ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደም ይዘዋወራል፤ ቀለሙ ካልተለወጠ ጉዳቱ ጀምሯል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ይህ ፈተና ብዙም አይሠራም፤ መቅላቱም መንጣቱም አይታይም። እዚያ ላይ መፈለግ ያለበት ከአካባቢው የጠቆረ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ወይም የሚያብረቀርቅ ቦታ ነው። በእጃችሁ ጀርባ ዳሱት፤ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ ከሞቀ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነደነ ወይም እንደ ረጠበ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ወይም ሲነካ ካመማቸው፣ ቁስል እንደጀመረ ቁጠሩት። በመስኮት ብርሃን ማየት ከባትሪ ይሻላል።

የማገላበጡ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ምን እንደምታደርጉ ንገሯቸው፤ መስማት የሚከብዳቸው ከሆነ ፊታቸውን እያያችሁ፣ ዝግ ብላችሁ። አልጋውን ጠፍጣፋ አድርጉ።
2. ከሥራቸው ከትከሻ እስከ ታፋ አጋማሽ የሚደርስ በሁለት የታጠፈ አንሶላ ይኑር። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ አንሶላውን ሰውነታቸው አጠገብ ጠቅልሎ ይያዝና፣ ከሚዞሩበት በተቃራኒ ወደ አልጋው ጠርዝ ያንሳቸው። ይህ ከተዘለለ ሲዞሩ ጠርዝ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ መልሶ መጎተት ይመጣል፣ መጎተት ደግሞ ቆዳ ይልጣል።
3. ወደ እናንተ የምታዞሯቸው ከሆነ፣ ለእናንተ ቅርብ ያለውን እጅ ከሰውነታቸው አርቃችሁ ዘርጉት፤ ሩቅ ያለውን እጅ ደረታቸው ላይ አሳርፉ፤ ሩቅ ያለውን ጉልበት እጠፉ።
4. አንድ እጃችሁን ሩቅ ባለው ትከሻ፣ ሌላውን ሩቅ ባለው ዳሌ ላይ አድርጋችሁ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ አዙሩ። ክንድ ይዞ መጎተት ትከሻ ያወልቃል።
5. ከጀርባቸው ትራስ አስገቡና መልሳችሁ በትንሹ አስደግፏቸው። የሚፈለገው 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ነው። ሙሉ በሙሉ በጎን ከተኙ ክብደቱ በቀጥታ የዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል፤ እዚያ የሚወጣ ቁስል ደግሞ በቶሎ አይድንም። ለማረጋገጥ እጃችሁን ከመቀመጫ አጥንታቸው ሥር አሳልፉ፤ በነፃነት ካለፈ ትክክል ነው።
6. በጉልበቶችና በቁርጭምጭሚቶች መካከል ትራስ አድርጉ።
7. በጀርባ ሲተኙ ትራሱን ከባታቸው ሥር በቁመቱ አስገቡ፤ ከጉልበት ጀምሮ እግሩን ደግፎ ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል። ወረቀት ከተረከዝ ሥር ሳይነካ ካለፈ ትራሱ በቦታው ነው። ትራሱን ከቁርጭምጭሚት ሥር ብቻ ማድረግ ክብደቱን ወደ ተረከዝ ጅማት ያዛውረዋል፤ ጉልበትም ወደ ኋላ ይለጠጣል።
8. የታጠፈ ጆሮ፣ የተጨማደደ አንሶላ፣ ከሥር የቀረ ቁልፍ ወይም የቱቦ ክዳን አለመኖሩን አይታችሁ ሰዓቱንና ጎኑን ጻፉ።

በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሌሊትም ጭምር። ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ካለና ቆዳው ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ነርሷን አማክራችሁ ሰዓቱን ማራዘም ይቻላል፤ እንቅልፍም መድኃኒት ነውና። ባገላበጣችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የማይጠፋ መቅላት ካለ ግን አሳጥሩት። በአየር የሚሞላው ፍራሽ ግፊቱን ይቀንሳል እንጂ ማገላበጥን አያስቀርም። ብዙ ቤተሰብ ፍራሹን ገዝቶ ይዘናጋል፣ ከዚያም በላዩ ሦስት አንሶላና ፕላስቲክ ይደርብበታል፤ በዚያ ላይ ፍራሹ ምንም አይሠራም።

ከምግብ ሰዓት ውጪ ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ቀና ባይል ይመረጣል። ልባቸው ወይም ሳንባቸው ታሞ ጠፍጣፋ መተኛት የማይችሉ ሰዎች ግን ለመተንፈስ በሚመቻቸው ከፍታ ይሁኑ፤ ለእነሱ ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ መንሸራተቱን ይቀንሳል። ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት ይርገጥ። ራሳቸውን ማንሳት ከቻሉ በየ15 ደቂቃው ወደ ጎን ያዘንብሉ፤ ካልቻሉ እናንተ በየሰዓቱ አቀማመጣቸውን ለውጡ፤ ያለማቋረጥም ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጡ።

የማይደረጉ ነገሮች አሉ። የቀላ ቦታን ማሸት ከሥሩ የተጎዱትን ደም ስሮች ይበጥሳል። ቀለበት መሳይ መቀመጫ ለመሀሉ አስቦ ዙሪያውን ያፍናል። ውሃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግ ጥቅም የለውም። የተከፈተ ቁስል ላይ አልኮል ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማፍሰስ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይገድላል፤ ቁስል የሚታጠበው በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ነው፣ መሸፈኛውንም ነርስ ትምረጥ። ተረከዝ ላይ የደረቀ፣ የጠነከረ፣ ጥቁር ቅርፊት ካለ አትላጡት፤ ለታችኛው ሥጋ ክዳን ሆኖ ያገለግላል። ዙሪያው ከቀላ፣ ከረጠበ ወይም ከሸተተ ግን በዚያው ቀን ይታይ።

እርጥበትን በተመለከተ፣ ዳይፐር በተገላበጡ ቁጥር ይፈተሽ። ከፊት ወደ ኋላ በለብ ያለ ውሃና በማያቃጥል ሳሙና አጽዱ፤ ሳታሹ በፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁ፤ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት በስሱ ቀቡ። በወፍራሙ ከተቀባ ዳይፐሩ ሽንት መምጠጥ ያቆማል። በሚቀጥለው ጊዜ የቆሸሸውን ገጽ ብቻ ጥረጉ እንጂ ቅባቱን እስከ ቆዳው ድረስ አትፈግፍጉ።

ማስነሳት

ለብዙ ቀን የተኛ ሰው በአንድ ጊዜ አይነሳም። መጀመሪያ ተኝተው ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች አሥር ጊዜ ያንቀሳቅሱ፤ ይህ እግር ላይ የተኛውን ደም ወደ ልብ ይገፋል። ቀጥሎ በጎን ይዙሩ፣ እግራቸውን ከአልጋ ያውርዱ፣ በክርናቸው ገፍተው ይቀመጡ። ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ይቆዩ፤ ዓይናቸው ጨለም ካለ ወይም ፊታቸው ከገረጣ መልሳችሁ አስተኟቸው። ከዚያ መቀመጫቸውን ወደ ጠርዝ አስጠግተው፣ እግራቸውን ከጉልበታቸው ወደ ኋላ ስበው፣ አፍንጫቸው ከጣቶቻቸው በላይ እስኪሆን ወደ ፊት አዘንብለው ይነሱ። ብዙ ሰው መነሳት የሚያቅተው ጉልበት አጥቶ ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ለመነሳት ስለሚሞክር ነው።

በብብት ሥር ይዛችሁ አታንሱ፤ አንገታችሁንም እንዲያቅፉ አትፍቀዱ። ወገባቸው ላይ ሰፊ ጠንካራ ቀበቶ አስራችሁ እሱን ያዙ። አንድ ጎናቸው የደከመ ከሆነ የሚቀመጡበት ወንበር በጠንካራው ጎን ይቀመጥ፤ በእግር ጉዞ ላይ ደግሞ እናንተ በደካማው ጎን ቁሙ።

ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ለ5 ደቂቃ ተኝተው የደም ግፊታቸውን ለኩ፤ ከዚያ ከቆሙ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ውጤቱን ለሐኪም አሳዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወይ የውሃ እጥረት ወይ የመድኃኒት መብዛት ነው።

ምርኩዝ በየትኛው እጅ ይያዝ? በታመመው እግር ተቃራኒ። ቀኝ ጉልበት ከታመመ ምርኩዙ በግራ እጅ ነው፤ ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ይራመዳሉ። ቁመቱ የሚለካው ጫማ ተጫምተው፣ እጃቸውን ዘና አድርገው ወደ ታች ለቀው ሲቆሙ ነው፤ መያዣው ከእጅ አንጓቸው መታጠፊያ ጋር እኩል ይሁን። ዎከርም (በሁለት እጅ የሚያዘው ባለ አራት እግር መደገፊያ) እንዲሁ። ረጅም ምርኩዝ ትከሻ ይሰቅላል፣ አጭሩ ያጎብጣል፤ ከሟች ዘመድ የተወረሰ ምርኩዝ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው።

መቆም ከቻሉ ከሁሉ የሚሻለው ልምምድ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። የወንበሩ ጀርባ ግድግዳ ይንካ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አምስት፤ ሲቀላቸው አሥር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንንና ጉልበትን የሚያዳብር ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። አልጋ ለያዘ ሰው 150 ደቂቃ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም መመሪያው የሚለው ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል ነው፤ ዛሬ ወንበር፣ ነገ በር፣ ከነገ ወዲያ መታጠቢያ ቤት።

ምግብ፣ ውሃና አፍ

የሚያንቀላፋ ሰው አይጎረስም። በደንብ ከነቁ በኋላ በተቻለ መጠን ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸው ዝቅ ይበል። የሚያበላው ሰው ቁጭ ብሎ ከፊታቸው ይሁን፤ ቆሞ ከላይ የሚያጎርስ ሰው አንገታቸውን ወደ ላይ ያስቀናል፣ ያኔ የአየር ቧንቧ ይከፈታል። በሻይ ማንኪያ አነስ አድርጉ። ሲውጡ ማንቁርታቸው ከፍ ብሎ መመለሱን አይታችሁ ነው ሁለተኛው የሚሰጠው። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ቀና ብለው ይቆዩ።

በእያንዳንዱ ጉርሻ የሚያስላቸው፣ ከጠጡ በኋላ ጉሮሯቸው ውስጥ ውሃ እንዳለ ድምፃቸው የሚለወጥ፣ ምግብ ጉንጫቸው ውስጥ የሚያከማቹ ከሆነ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል። ቀጭን ፈሳሽ ከጠጣር ይልቅ ሊያስቸግር ይችላል፤ ይህ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ፈሳሹን ለማወፈር ከመወሰናችሁ በፊት የመዋጥ ችግር በባለሙያ ይመርመር።

ጥማት በዕድሜ ይደክማል፤ «ውሃ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይሠራም። ለሴት በቀን 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር የሚጠጣ ነገር መነሻ ይሁን፤ ሻይም፣ ወተትም፣ ሾርባም ይቆጠራል። በየሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ሰጥቶ መመዝገብ በአንድ ጊዜ ሁለት ብርጭቆ ከማስገደድ ይሻላል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል። ከፕሮቲን በኩል ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም፣ ለታመሙና ቁስል ላለባቸው እስከ 1.5 ግራም ያስፈልጋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው፤ በሾርባ ውሃ ብቻ ይህ አይሞላም። የኩላሊት በሽተኞች እዚህም የተለየ ምክር ያስፈልጋቸዋል።

አፍን ማጽዳት ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ አፍ ውስጥ የሚራባው ጀርም ሲተኙ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጥርስ ኖራቸውም አልኖራቸውም በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ ብሩሽ ጥርስን፣ ድድን፣ ምላስን ይንካ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ወጥቶ፣ ተቦርሾ፣ ውሃ ውስጥ ይደር። ሲታጠብ ከሥሩ ውሃ ያለበት ሳህን አድርጉ፤ ቢወድቅ አይሰበርም።

ሽንትና ሰገራ

ከምግብ በኋላ አንጀት ይንቀሳቀሳል፤ በተለይ ከቁርስ 20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ሽንት ቤት ማስቀመጥን ልማድ አድርጉ። እግር ሥር ዝቅተኛ መርገጫ ሲደረግ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ይላልና ሰገራ ይቀላል። ሦስት ቀን ካልወጡ ችላ አትበሉ። አንድ የሚያታልል ነገር አለ፦ ለቀናት ታስሮ የቆየ ሰው በድንገት ቀጭን ተቅማጥ ካመጣ ቀጭኑ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ እያለፈ ሊሆን ይችላል፤ የተቅማጥ ማቆሚያ መስጠት ነገሩን ያባብሳል።

ካቴተር ካለ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች፣ መሬት ሳይነካ ይንጠልጠል። ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ ይደፋ። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከሥራቸው ከተያዘ ሽንት ይቆማል፤ «ሽንት አልመጣም» ከማለታችሁ በፊት ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ተከተሉት።

መድኃኒት

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሌላ ሰው የተሰጣቸውንና ባህላዊውን ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት ሰብስባችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ። ብዙ ጊዜ አንዱ መድኃኒት የሌላውን ጉዳት ለማከም ታዞ ይገኛል። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ለእብጠቱ ሽንት የሚያሸና ይታዘዛል፤ አዛውንቱ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ። ሰንሰለቱን ሊያይ የሚችለው ሁሉንም በአንድ ላይ ያየ ሰው ነው።

እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስተኛዎች፣ እንዲሁም ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሸጡት ዳይፌንሃይድራሚንና ክሎርፌኒራሚን አዛውንትን ያንገዳግዳሉ፣ ግራ ያጋባሉ፣ ሽንት ያግዳሉ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ያደማሉ፣ ግፊት ያስነሳሉ፤ ከግፊት መድኃኒትና ከሽንት ማሸኛ ጋር ሲወሰዱ ኩላሊት ይጎዳሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይቀድማል፤ ከ50 ኪሎ በታች ለሚመዝኑና ጉበታቸው ለታመመ መጠኑ መቀነስ ስላለበት ጠይቁ። በዝግታ እንዲሟሟ የተሠራ እንክብል አይፈጭም፤ የ12 ወይም የ24 ሰዓቱ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ማስተኛም ሆነ የግፊት መድኃኒት በራስ ውሳኔ በድንገት አይቋረጥ።

ክትባት እዚሁ ጋር ይጠየቅ፤ በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ፣ ከዚያም የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች የሚያመጣ ጀርም)።

በድንገት ግራ ሲጋቡ

ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከቀባዠሩ፣ ቦታና ሰዓት ካልለዩ፣ ወይም በተቃራኒው ጭልጥ ብለው ዝም ካሉ «እርጅና ነው» አትበሉ። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ይመጣል፤ ይህኛው በሰዓታትና በቀናት፣ እየመጣ እየሄደ። ዝምተኛው ዓይነት ከሚጮኸው የበለጠ ይታለፋል፤ ማንንም አያስቸግርምና። የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ጠይቁ፤ ቀድሞ ይችሉ የነበሩ ሰው መሀል ላይ ከጠፋባቸው ትኩረታቸው ተናግቷል።

ወደ ሕክምና ለመሄድ እየተዘጋጃችሁ፦ ሙቀት፣ ትንፋሽና የስኳር በሽተኛ ከሆኑ ስኳር ለኩ፤ ከእምብርት በታች ያለው ሆድ ተወጥሮ እንደሆነ፣ መጨረሻ ሽንትና ሰገራ መቼ እንደወጡ፣ በዚህ ሳምንት የተጀመረ ወይም የተቋረጠ መድኃኒት ካለ ጻፉ። መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን አድርጉላቸው፤ የማያይና የማይሰማ ሰው የበለጠ ይደነግጣል። መብራት ይብራ፣ የሚያውቁት አንድ ሰው አጠገባቸው ይሁን፣ አትከራከሯቸው፣ አትሰሯቸው። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ግን ይህ ሁሉ ይቅርና ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ የጀመረበትንም ሰዓት ያዙ።

ሲወድቁ

የመጀመሪያው ስህተት ተሯሩጦ ማንሳት ነው። ባሉበት ይቆዩ፣ ራሳቸውን፣ አንገታቸውንና ዳሌያቸውን ጠይቁ፣ ተመልከቱ። አንዱ እግር አጥሮ ጣቶቹ ወደ ውጭ ከዞሩ የዳሌ አጥንት ተሰብሯል ማለት ይቻላል፤ አታንቀሳቅሱ፣ ብርድ ልብስ አልብሳችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ሕመም ከሌለ ራሳቸው እንዲነሱ እርዷቸው። በጎን ይዙሩ፣ በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ፤ የማይንቀሳቀስ ወንበር ከፊታቸው አስጠጉና ሁለቱንም እጃቸውን መቀመጫው ላይ ያሳርፉ። ጠንካራውን እግር ወደ ፊት አውጥተው መሬት ይርገጡ፣ በእጃቸው ገፍተው ይነሱ፤ እናንተ ሁለተኛ ወንበር ከኋላቸው አቅርቡ። የእናንተ ሥራ ወንበሩን ማንቀሳቀስና መምራት ነው እንጂ ክብደታቸውን መሸከም አይደለም። በአንድ ሙከራ ካልሆነ አረፍ ብለው ይድገሙት።

ከአንድ ሰዓት በላይ መሬት ላይ ከቆዩ ጡንቻ ተጎድቶ ኩላሊት ሊያውክ ስለሚችል ደህና ቢመስሉም ይታዩ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱና ራሳቸውን የመቱ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይሰማቸው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። በአዛውንት ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ቀስ ብሎ ሊከማች ይችላል፤ ከውድቀቱ ሳምንታት በኋላ የራስ ምታት፣ ማንቀላፋት፣ የአካሄድ መለወጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ያንን ውድቀት ለሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።